ሰዓት ያለው አደጋ፣ ሰዓት የሌለው አደጋ

መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ሲሆን ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እዚህች ከተማ ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ የለም። ከ2,400 ሜትር ከፍ ካለው ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ብስክሌቱን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚለቅ ሰው ፔዳል መርገጥ አያስፈልገውም። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ከኩርባ ወደ ኩርባ ሲወርድ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ከጎማው ሥር ያልቃል። መጀመሪያ የባሕር ዛፉ ሽታ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀጥሎ ጆሮው ይደፈናል፤ ከዚያ የሚመታው ነፋስ ራሱ ይሞቃል። ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ከላይ ሲነሣ የባረከውን ጃኬት የሚያወልቅበት ጥላ ይፈልጋል። ከፊቱ ደግሞ የወረደውን ያህል መልሶ የሚያስከፍለው የደጀን ዳገት ቆሟል። ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በአንድ ማለዳ በገዛ ጉልበቱ የሚያልፍ፣ የእያንዳንዱንም ሽታና ሙቀት በቆዳው የሚለይ መንገደኛ ከእግረኛና ከብስክሌተኛ በቀር የለም፤ እግረኛው ግን ቀኑ ይመሽበታል።

ይኸው መንገድ የጭነት መኪናም መንገድ ነው። ባለ ተሳቢው በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከላይ የሚወርደው የፍሬኑ ሽታ ከራሱ ቀድሞ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል፣ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ፣ ብስክሌተኛው አለ። ስለ ብስክሌት በሞቃት ቀጠና ሲነሣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ዳገቱና ስለ ዝናቡ ነው። ጥያቄው የተሳሳተ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው እንዲህ ብሎ ነው፦ በእኛ አገር ብስክሌተኛን የሚያሰጉት ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሰዓት ያለው አደጋ ነው፤ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ጨለማ፣ ዳገትና ቁልቁለት መቼና የት እንደሚመጡ አስቀድመው ይነግራሉ። ሁለተኛው ሰዓት የሌለው አደጋ ነው፤ ፍጥነትና ብልሹ መንገድ በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ኩርባ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ጋላቢው በዕውቀቱ ያልፈዋል። ሁለተኛውን ግን ብቻውን ሊያልፈው አይችልም፤ ማስወገድ የሚችሉት መንገድ የሚሠሩና የሚያስተዳድሩ ናቸው። እኛ ግን ሁለቱን ቀላቅለን፣ የሰውን ጥፋት በአየሩ ላይ ስናሳብብ ኖረናል።

ከደስታው እንጀምር፤ ለምን እንደምንሟገትለት ሳያውቁ መሟገት አይቻልምና። የብስክሌተኛ የመጀመሪያ ሀብት ብርሃን ነው። አምስተርዳም ላይ የታኅሣሥ ቀን 8 ሰዓት አይሞላም፤ የሰኔው ደግሞ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ በምትዘረጋው ኢትዮጵያ ይህ ዓይነት መለዋወጥ የለም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጫ ለመቁጠር የተመቸንም በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ቢቆጠር ኖሮ "ጠዋት አንድ ሰዓት" በብርዱ ወራት ከድቅድቅ ጨለማ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቆይቶ ይውል ነበር። እዚህ ግን በጥቅምትም ሆነ በግንቦት፣ 12 ሰዓት ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው ፀሐይን ከአድማስ ላይ ያገኛታል። ከፀሐይ ጋር ቀጠሮ መያዝ የሚቻልበት አገር ለብስክሌት የተፈጠረ አገር ነው።

ሁለተኛው ሀብት ከፍታው ነው። የእኛ የአየር ንብረት ቃላት ራሳቸው ከፍታን የሚናገሩ ናቸው፤ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። አባቶቻችን ምድሩን በኬክሮስ ሳይሆን በዳገትና በቁልቁለት የከፋፈሉት፣ የሞቃት ቀጠና ሙቀት ከወር ወር እምብዛም ሳይለወጥ ከተራራ ወደ ሸለቆ ግን ፈጽሞ እንደሚለወጥ ስላወቁ ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዓባይ በረሃ ላይ ላብ የሚያሰምጠው ቀን ደጀን ላይ ሸሚዝ የሚያስደርብ ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ የገባ ጋላቢ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ከጉሙ ሥር ብቅ ይላል፤ ባሌ ላይ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወጣው ደግሞ ከሙዝ ማሳ ተነሥቶ ወደ እንሰትና ወደ ቀርከሃ ያደርሳል። በመኪና መስታወት ውስጥ ይህ ሁሉ የሚያልፍ ሥዕል ነው፤ በብስክሌት ላይ ግን እስትንፋስ ይሆናል።

"ግን እኮ አየሩ ስስ ነው" የሚል ወዲያው ይመጣል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ያው ስስ አየር የሚገፋውን ሰው የሚቋቋምበት ክብደትም አንሷል። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚጋልብ ሰው ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያወጣው አየርን ለመሰንጠቅ ስለሆነ፣ በአንድ አምስተኛ ያህል የቀለለ አየር ትልቅ ስጦታ ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለምን ክብረ ወሰን ለመስበር የመረጠው በሞቃት ቀጠና የምትገኘውን፣ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረበውን ሜክሲኮ ሲቲን ነበር። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘርም እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያው ሄዶ 51 ኪሎ ሜትርን አለፈ። በዘመናቸው ስለ ብስክሌት ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው የሄዱለት አየር እኛ በየቀኑ የምንተነፍሰው ዓይነት ነው።

አሁን ወደ አደጋው፤ በመጀመሪያም ሰዓት ወዳለው። ከሁሉ የታወቀው ሙቀት ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ እንቅስቃሴ የሚቀይረው ከሩብ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሜዳ ላይ ብስክሌቱ ራሱ የሚፈጥረው ነፋስ ላቡን እያደረቀ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ ነፋሱ ይጠፋል፤ ሥራው ሲበዛም ሙቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ መንገድ ከሁሉ የከበደ ፈተና ነው፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያስወጣ ይችላል። ጋላቢና ብስክሌት ተደምረው 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን አፋፍ ይህን ክብደት ለማንሣት ብቻ ሰውነት 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ይህም ሩብ ኪሎ ከሚበልጥ የገብስ በሶ የሚገኝ ጉልበት ነው። በሶ የመንገደኛ ስንቅ የሆነው በከንቱ አይደለም። መፍትሔውም ከድሮ መንገደኛ የተወረሰ ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትከር ዳገቱን መጨረስ፣ ከጥማት በፊት መጠጣት፣ ከውሃው ጋር ጨው ያለበት ነገር መቅመስ፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ከጥላ አለመውጣት። እጅጌ ረጅም ልብስም በዚሁ ይቆጠራል፤ አናት ላይ የምትቆመው የሞቃት ቀጠና ፀሐይ በስሱ የደጋ አየር ውስጥ ስታልፍ፣ ቅዝቃዜው እያዘናጋን ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታልና።

ዝናቡም ቀጠሮ አክባሪ ነው። ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ መሆኑን፣ በሐምሌና በነሐሴ እንደሚበረታ፣ በበልግም በየካቲትና በግንቦት መካከል እንደሚመጣ ማንም ገበሬ ያውቃል። የቀኑ ልማዱም የታወቀ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች፣ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብድና ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ይወርዳል። ጠዋትን ለመንገድ፣ ከሰዓትን ለቤት የሰጠ ጋላቢ በክረምትም ቢሆን ብዙ ቀን ሳይረጥብ ይገባል። ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባው ከረጅም በጋ በኋላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ካፊያ ነው። ለወራት አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ የጎማ ብናኝና አቧራ ጥቂት ውሃ ሲያገኝ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ከባድ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ከመውደቅ አይተናነስም። እርጥብ ኮብልስቶንና እርጥብ የብረት ክዳንም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ግን ሽልማቱ መስከረም ነው፤ አየሩ ታጥቦ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ አቧራው ገና ሳይነሣ የሚጋለብባቸው ሳምንታት።

ሦስተኛው ጨለማ ነው። በሰሜኑ ዓለም ፀሐይ ከአድማስ ጋር ሰያፍ ሆና እየተንሸራተተች ስለምትጠልቅ ምሽቱ ረጅም ነው። በእኛ ሰማይ ግን ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንግዝግዙ አልቆ ጨለማ ይሆናል። "ትንሽ ብቻ ቀረኝ" ብሎ 12 ሰዓት ያለፈው ጋላቢ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ያለ ብርሃን ይጋልባል። አራተኛው ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን የሚወርደው ያ 80 ኪሎ ክብደት ያጠራቀመው ጉልበት በሙሉ በፍሬን ቢያልቅ ሦስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ይሆናል። አብዛኛውን ነፋሱ ቢወስደውም፣ ፍሬኑን ሳይለቅ ጨብጦ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግለዋል፣ የውስጥ ጎማውንም ሊያፈነዳው ይችላል። ጠንቅቆ የሚያውቅ ጋላቢ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይይዝና ይለቃል፤ መሐል ላይ ቆሞ ያበርዳል። እነዚህ አራቱ በእውነት ሊገድሉ ይችላሉ፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ሁሉም ምልክት አላቸው፤ የሚማራቸውም ሰው ከዓመት ዓመት ይበልጥ ይጠበቃል።

ሰዓት የሌለው አደጋ እንዲህ አይደለም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና በ8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዳገት ከሚወጣ ብስክሌተኛ በስተኋላ፣ 50 ሜትር ብቻ በሚታይበት ኩርባ ብቅ ቢል፣ ሹፌሩ አይቶ ለመወሰንና ለማድረግ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። ከዚህ ላይ አንዱ ሰከንድ እግሩ ፍሬን እስኪያገኝ ያልቃል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ በ30 የሚጋጭና በ60 የሚጋጭ መኪና አንድ ዓይነት መኪና ቢሆኑም አንድ ዓይነት አደጋ አይደሉም። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ መኪናው በዚያ ኩርባ በ80 እንዲመጣ የፈቀደው ግን ሰው ነው። ብስክሌተኛው ማለዳ ቢነሣ፣ ውሃ ቢይዝ፣ ደማቅ ልብስ ቢለብስ፣ በቀኙ ዳር ቢሄድ፣ ያን ሁለት ሰከንድ ተኩል ወደ አምስት ሊያሳድገው አይችልም።

የመንገዱም ነገር ከዚሁ ይቆጠራል። የአስፋልት ጫፍ ተሸራርፎ ከጠጠሩ ትከሻ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል፣ ከመኪና ሸሽቶ የወረደ ጎማ መልሶ ሲወጣ ይገለብጣል። የማንሆል ክዳን የጠፋበት ጉድጓድ ክረምት ላይ በጎርፍ ተሞልቶ መንገድ ይመስላል። የቦይ ፍርግርግ ብረቶቹ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ ቀጭን ጎማ ይውጣሉ፤ አግድም ማዞር ግን ተጨማሪ ብረት አይጠይቅም። የባለቤት አልባ ውሻ ነገርም አለ። ውሻ የሚያሳድደው የሚሮጠውን ስለሆነ ወርዶ ብስክሌቱን በመሐል ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ጤና ጣቢያ መድረስ ግድ ነው። ሰውን የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ውሾችን በመከተብ የሚቆም ነው። በብስክሌት አገራችንን ያቋረጡ የውጭ መንገደኞችም በገጠር ልጆች ድንጋይ እንደሚወረውሩባቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ይህን ማመን ያሳፍራል፤ ማመኑ ግን የሚጠቅመው ራሳችንን ነው፤ ያው ድንጋይ ከገበያ በብስክሌት የሚመለሰውን ያገራችንን ወጣትም ያገኘዋልና። የሚያስተወውም ጋላቢው ሳይሆን ወላጅ፣ የአገር ሽማግሌና መምህር ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ "ብስክሌተኛው ራሱ ይጠንቀቅ፤ የራስ ቁር ይልበስ።" ይልበስ፤ ከወደቀ አናቱን ያተርፍለታል። ሆኖም የብስክሌት የራስ ቁር ተፈትኖ የሚያልፈው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ግጭት ነው፤ ከብስክሌት ለመውደቅ እንጂ በጭነት መኪና ለመገጨት አልተሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ እንደሚሞት፣ ከዚህም 92 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ገልጿል። በእነዚህ አገሮች የሚኖረው ሰው ከሌላው በተፈጥሮው ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም። መንገዱ ለመኪና ብቻ ታስቦ ስለተሠራ፣ ፍጥነቱም ስላልተገታ ነው። ጥንቃቄ የጋላቢው ግዴታ ነው፤ ጥንቃቄን ብቸኛ መከላከያ ማድረግ ግን ግዴታን ከአድራጊው ወደ ተጎጂው ማዞር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ "ብስክሌት የሜዳና የቀዝቃዛ አገር ነገር ነው" ይላል። መልሱ ቦጎታ ናት። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ 2,600 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባ ከፍ ትላለች፣ እንደ እርሷም ዝናበኛ ናት። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 በተጀመረ ልማድ በየእሑዱና በየበዓሉ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈታል። የዘወትር የብስክሌት መስመሯም ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቦጎታ ከአዲስ አበባ ሰፋ ያለ ሜዳ እንዳላት አይካድም። ነገር ግን በእሷ ዙሪያ ያሉት ተራሮች እነ ናይሮ ኪንታናንና በ2019 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈውን ኢጋን በርናልን ያፈሩ ናቸው፤ ዳገት ጋላቢን አያጠፋም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኮረብታማዋ ኪጋሊ ተካሄደ። የወንዶቹ ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን በድምሩ ከ5,000 ሜትር በላይ ዳገት ነበረው። የዓለም ምርጦች አብዛኞቹ ሳይጨርሱ ወጡ፤ ያሸነፋቸው ግን ዳገቱና ከፍታው እንጂ መኪና አልነበረም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና። አገራችንም ውስጥ ባሕር ዳርና ሐዋሳ በሐይቅ ዳር የተዘረጉ ሜዳ ናቸው፤ ብስክሌትም እዚያ የዕለት ኑሮ አካል ሆኖ ቆይቷል። ዳገታም ለሆኑት ከተሞች ደግሞ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት መጥቷል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው ከውሃ ለምታመነጭ አገር ከዚህ የቀረበ መጓጓዣ የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ "ድሃ አገር ነን፤ ገና ያልተሠራ መንገድ እያለ ለብስክሌት መስመር ገንዘብ ከየት ይመጣል?" ይህን የሚሉ ሰዎች በቅንነት ነው የሚሉት፤ መልስም ይገባቸዋል። ከላይ ከተቆጠሩት ብዙዎቹ መፍትሔዎች ውድ አይደሉም። ፍርግርጉን አግድም ማድረግ፣ የጠፋ ክዳን መተካት፣ ከተማ ውስጥ ፍጥነትን ወደ 30 ማውረድ፣ ብስክሌተኛን ሲያልፉ በብዙ አገሮች እንደታዘዘው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ፤ እነዚህ ከሚሊዮን ብር ይልቅ ውሳኔና ቁጥጥር የሚፈልጉ ናቸው። ሰፋ ያለ የአስፋልት ትከሻ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ያ ትከሻ ለብስክሌተኛው ብቻ አይሆንም። ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ልጅ፣ ገበያ የሚነዳው አህያ፣ የተበላሸ ሚኒባስ፣ ሁሉም ይጠለሉበታል። በጥናትም የተደገፈ ነገር አለ። አሜሪካዊው ፒተር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ከተለያዩ ከተሞችና አገሮች አሰባስቦ ባሳተመው ጥናት፣ የብስክሌተኛ ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ የሚጨምረው በ32 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም እያንዳንዱ ጋላቢ የሚደርስበት ስጋት በሢሶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ቁጥሩ ደኅንነትን ያመጣል ወይስ ደኅንነት ቁጥሩን ይስባል የሚለው ያከራክራል። በሁለቱም መንገድ ቢታይ ግን መንግሥት ማድረግ ያለበት አንድ ነው፤ ሰው እንዲወጣ መንገዱን ማመቻቸት።

አራተኛው ተቃውሞ በአፍ ሳይሆን በዓይን የሚነገር ነው፤ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ወይም መኪና መግዛት ያቃተው ሰው ዕቃ ነው የሚል። ታሪካችን ግን ይህን አይልም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት አሰልፋለች፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤት አስመራ፣ እንደ እኛው ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ ቢንያም ግርማይን አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2024 የዚያኑ ውድድር አረንጓዴ ማሊያ አለበሰችው። ሩጫን ማንም የድሃ እግር ነው ብሎ አይንቀውም፤ ደጋው የሰጠን ጸጋ ነው እንላለን። ብስክሌትም የዚያው ደጋ ልጅ ነው። ልዩነቱ ሯጩ ከአስፋልት ወርዶ ጫካ ውስጥ መለማመድ መቻሉ ነው፤ የጎዳና ብስክሌተኛ ግን ከአስፋልቱ ሌላ ሜዳ የለውም። ስለዚህ መንገዱ ካልተጠበቀ ጋላቢው ከመፈጠሩ በፊት ይቀራል።

አንድ እውነት ሳይነገር ይህን ጽሑፍ መዝጋት አይገባም። ከፍጥነትም ከጉድጓድም በፊት የሚመጣው ሰላም ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ትግራይን ያወደመው ጦርነት፣ የአገሪቱ የብስክሌት ስፖርት እምብርት የነበሩትን ከተሞችና መንገዶች አንድ ላይ ነበር የመታው። በአማራ ክልልም የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው በመኪና እንኳ ተረጋግቶ እንዳይሄድ አድርጎታል። ሰው በሚታገትበት መንገድ ላይ ስለ ትከሻ ስፋት መነጋገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ብስክሌተኛ ያለ መስታወት፣ ያለ ቆርቆሮ፣ ያለ አጃቢ፣ በሰው ደግነት ብቻ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። አንድ ወጣት ብቻውን፣ ማለዳ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ጋልቦ በደኅና ከደረሰ፣ ሰላም ስለመኖሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ጅምሩ የለም አይባልም። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" በሚል አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች በወር አንድ እሑድ ጎዳና ከመኪና ነፃ ማድረግ ጀምረው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት አገራዊ ስትራቴጂ ይፋ ሆነ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። እነዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ምስጋናው ግን ቀጣዩን ጥያቄ አያስቀርም። አንድ መስመር ከሌላው ካልተያያዘ፣ መስቀለኛው ላይ ተቋርጦ ብስክሌተኛውን ከሚኒባስ ጋር ካጋፋው፣ ከከተማው ወሰን ወጥቶ እስከ አውራ ጎዳናው ካልዘለቀ፣ ለዓይን ያማረ ቀለም ሆኖ ይቀራል። የመንገድ ደኅንነት የሚለካው ከሁሉ በተመቸው ቦታ ሳይሆን ከሁሉ በጠበበው ኩርባ ነው።

ያ ኩርባ ደግሞ ዓባይ በረሃ ውስጥ አለ። ከድልድዩ በ1 ሰዓት ተኩል የተነሣው ጋላቢ ፀሐይ ሳትከር ብዙውን ዳገት ጨርሷል። ውሃውን በልክ ጠጥቷል፣ በሶውን በልቷል፣ እጅጌውን አልሰበሰበም፤ ደመናው ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ያውቃል። ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከዳገት ጋር የያዘውን ቀጠሮ ሁሉ አክብሯል። ደጀን አፋፍ ላይ ነፋሱ እንደገና ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል፤ የቀረችው አንዲት ጠመዝማዛ ናት። ከበስተኋላው የሞተር ድምፅ እየቀረበ ነው። ከዚህ በኋላ እርሱ የሚያደርገው ነገር የለም፤ የእርሱን ድርሻ ጨርሷል። የቀረው የሹፌሩ እግር፣ የአስፋልቱ ስፋትና ፍጥነቱን የወሰነው ሕግ ድርሻ ነው።